ያለ ቢላ፦ የአዶልፍ ሎሬንዝ ሕይወትና የሕፃናት የዳሌ ውልቃት ሕክምና

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት በገበያ ቀን የተጓዘ ሰው ልጅ ያዘሉ እናቶችን ሳያይ አይመለስም። ሕፃኑ ደረቱን በእናቱ ጀርባ ላይ አስደግፎ፣ ጭኖቹን በወገቧ ግራና ቀኝ ከፍቶ፣ ጉልበቶቹን አጥፎ፣ በጨርቅ ታስሮ ይሄዳል። ለእናቲቱ ይህ እጇን ለሥራ ነጻ የምታደርግበትና ልጇን የምታባብልበት መንገድ ነው። ለአጥንት ሐኪም ደግሞ የጨቅላ ሕፃን ዳሌ በሚገባ እንዲያድግ የሚረዳ አቀማመጥ ነው። የአውሮፓ ሕክምና ወደዚሁ አቀማመጥ የደረሰው ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ በመንገዱም ላይ ብዙ ሕፃናትን ረድቶና ጥቂት የማይባሉትን ጎድቶ ነው። የዚያን መንገድ ትልቁን ክፍል በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ መከተል ይቻላል። ሰውየው በዘመናቸው በዓለም ጋዜጦች ያለ ደም የሚያክመው የቪየና ሐኪም እየተባሉ የታወቁት አዶልፍ ሎሬንዝ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሎሬንዝን ሕይወት የሚተርከው ዛሬም የሕፃናትን ዳሌ ሕክምና ውጤት የሚያጠኑ ሰዎችን በሚመለከት አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው፤ ያለ ቀዶ ሕክምና የታከመ ዳሌ ውጤቱ የሚለካው መቼ ነው? ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ በሽታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በጤናማ ዳሌ የጭኑ አጥንት ክብ ራስ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ እንደሚቀመጥ ይቀመጣል። ጎድጓዳው ጥልቀቱንና ቅርጹን የሚያገኘው ራሱ በውስጡ ሲቀመጥና ሲንቀሳቀስ ነው። ራሱ ከቦታው ከወጣ ወይም በጠርዙ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ጎድጓዳው ገበታ ሆኖ ይቀራል፤ ራሱም ወደ ላይ እየሸሸ ይሄዳል። ሕፃኑ በተኛበት ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መራመድ ሲጀምርና ሲያነክስ ነው። ያልታከመ እንደሆነ በጎልማሳነት ዘመን መገጣጠሚያው ይበላል፤ ሰውየውም ዕድሜውን በሕመም ይገፋል።

አዶልፍ ሎሬንዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1854 በኦስትሪያ ሲሌዢያ ግዛት ቫይደናው በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው የፈረስ ልጓምና ጠፍር ሠሪ ነበሩ፤ ቤቱም ድሃ ነበረ። በጋሞ ደጋማ መንደሮች የቆዳ ሥራ ለረጅም ዘመን ዝቅ ተደርገው ለሚታዩ ሰዎች የተተወ ሙያ እንደነበረ የሚያውቅ አንባቢ ጠፍር የሚለውን ቃል እንዲያስታውሰው እንጠይቃለን፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሎሬንዝ በሽምግልናቸው እንደተረኩት፣ ገና ሕፃን ሳሉ አንድ ቀን ወድቆ የተገኘ ጓንት ይዘው ወደ እናታቸው ሮጡ። እናቲቱም አንድ ጓንት ያለ ጥንዱ የማይረባ መሆኑን፣ ሌላኛውን ፈልጎ ማግኘት እንደሚገባቸው ነገሯቸው። በ1936 ያሳተሙትን የሕይወት ታሪካቸውን በዚህ የጠፋ ጓንት ፍለጋ ሰየሙት።

ከድህነት ያወጣቸው ድምፃቸውና አጎታቸው ናቸው። አጎታቸው በካሪንቲያ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ገዳም የቤኔዲክት ሥርዓት መነኩሴ ስለነበሩ ልጁ በገዳሙ በመዘምራንነት ገብተው ትምህርታቸውን ተከታተሉ። የቤተ ክህነት ትምህርት ለድሃ ልጅ መውጫ በር ሲሆን ማየት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ አልፈው በ1880 በሕክምና ተመረቁ፤ የታወቁት የቀዶ ሕክምና መምህር ኤድዋርድ አልበርትም ረዳታቸው አድርገው ወሰዷቸው።

ዘመኑ የካርቦሊክ አሲድ ዘመን ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስል እንዳያመረቅዝ እጅን፣ መሣሪያንና አየሩን ሳይቀር በዚህ ኬሚካል ማርጠብን አስተምረው ስለነበር የቀዶ ሕክምና ክፍል በካርቦሊክ ይጥለቀለቅ ነበር። የሎሬንዝ ቆዳ ኬሚካሉን አልቻለም። እጃቸው እየተላጠና እየቆሰለ ሄዶ በመጨረሻ የቀዶ ሐኪምነት ሥራቸውን የሚተዉበት ቀን ደረሰ። ሕክምናን ጨርሰው ሊተዉ ሲያስቡ መምህራቸው አልበርት በእርጥቡ ቀዶ ሕክምና ካልሆነላቸው በደረቁ እንዲሞክሩ መከሯቸው። ደረቅ የተባለው በእጅ ኃይል፣ በመጎተት፣ በማሰርና በጄሶ የሚደረገው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ነው፤ በዚያን ጊዜ በቪየና ክብር የሌለው ሥራ ነበር። አንድ ታላቅ የሕክምና ዘርፍ በዚያች ከተማ የተስፋፋው በከፊል በአንድ ወጣት ሐኪም የቆዳ ሕመም ምክንያት መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ በምን ያህል ቀጭን ክር እንደምትንጠለጠል ያሳያል።

ሎሬንዝ መጀመሪያ በአከርካሪ መጣመምና በጠፍጣፋ እግር ላይ ሠሩ። ወደ ዳሌ ሲመጡም ቢላውን ጨርሰው አልተዉም ነበር። ጀርመናዊው አልበርት ሆፋ የወለቀውን ዳሌ በቀዶ ከፍቶ ጎድጓዳውን ቆፍሮ ራሱን ማስገባትን ጀምረው ስለነበር ሎሬንዝ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዘዴውን አሻሽለው ብዙ ሕፃናትን በዚህ መንገድ አከሙ። ነገር ግን የተከፈተ መገጣጠሚያ ሊያመረቅዝ፣ ባያመረቅዝም ሊደርቅ ይችላል። ቀደም ሲል ያነክስ የነበረ ልጅ ከሕክምና በኋላ ጭራሽ ዳሌውን የማያጥፍ ሆኖ ሲወጣ ሐኪሙ ሰርቶ ያሳየው ነገር ምን እንደሆነ ራሱን መጠየቁ አይቀርም። ሎሬንዝም ጠየቁ፤ በአሥር ዓመቱ አጋማሽ ላይም ሳይቀዱ ወደ መመለስ ዞሩ።

በዚህ ቦታ ለፍትሕ ሲባል የፒዛው ሐኪም አጎስቲኖ ፓቺ መነሣት አለባቸው። ፓቺ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሳይቀዱ መመለስን አሳይተው ነበር፤ ቀዳሚነቱ የማን እንደሆነም በሁለቱ መካከል ክርክር ተነሥቷል። በዚህ ጽሑፍ ሚዛን ሐሳቡ የፓቺ ነው። ዘዴውን ሌላ ሐኪም ሊደግመው በሚችል ደረጃ ያደራጁት፣ ያስተማሩትና ያስፋፉት ሎሬንዝ ናቸው። ጊዜውም ተባበራቸው። ሮንትገን ራጅን ያገኙት በ1895 ስለሆነ ከዚያ በኋላ አጥንቱ በእርግጥ ወደ ቦታው መመለሱን በዓይን ማየት ተቻለ።

ዘዴው ይህ ነበር። ሕፃኑ በማደንዘዣ ይተኛል። ጭንን ወደ ውስጥ የሚስቡት የብሽሽት ጡንቻዎች በእጅ ተገፍተውና ተዳምጠው እስኪበጠሱ ድረስ ይለጠጣሉ። ከዚያ ጭኑ ታጥፎ ወደ ውጭ ሲከፈት የአጥንቱ ራስ የጎድጓዳውን የኋላ ጠርዝ ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ ይገባል። ተመልሶ እንዳይወጣ ሁለቱ ጭኖች እስከ መጨረሻው ተከፍተው፣ ሕፃኑ እንደ እንቁራሪት ሆኖ ለብዙ ወራት በጄሶ ይታሰራል። ሎሬንዝ ልጁ በጄሶው ውስጥ ሆኖ እንዲቆምና እንዲራመድም ይፈልጉ ነበር፤ የሰውነቱ ክብደት ራሱን ወደ ጎድጓዳው እየገፋ ጎድጓዳውን ያጠልቀዋል ብለው ስላመኑ ነው። እምነቱ ከፊል እውነት አለው። ያለ ደም የሚለው ስም ግን እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ቆዳው አልተቀደደም እንጂ ከቆዳው በታች ጡንቻ ተበጥሷል፤ ደምም ፈስሷል። ልጁ ከፍ ባለ ዕድሜ ላይ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል እየጨመረ የጭን አጥንት የተሰበረበትና ነርቭ የተጎዳበት ጊዜም ነበር።

ይህን ሥራ ለኢትዮጵያዊ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወጌሻ አለን። ወጌሻም ያለ ቢላ፣ በእጁ ዳብሶ፣ ስቦና ጠምዝዞ የወለቀውን ይመልሳል፤ በቀርከሃ ስንጥቅም ያስራል። ንጽጽሩ ወጌሻን ለማሞገስ ወይም ሎሬንዝን ለማሳነስ የመጣ አይደለም። የሁለቱም ችሎታ እውነተኛ ነው፤ የሁለቱም አደጋ ከአንድ ምንጭ ይነሣል። በአገራችን ሆስፒታሎች እግርና እጅ ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ከመጠን በላይ የጠበቀ እስራት ደም ከልክሎ የሚያመጣው መበስበስ ነው። አጥንቱ ቦታውን ይይዛል፤ ደሙ ግን አይደርስም። በቪየና በጄሶ ውስጥ የሆነውም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልዩነቱ በወጌሻው እስራት ጉዳቱ በቀናት ሲታይ በሎሬንዝ ጄሶ ዓመታት መቆየቱ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ዝናው የመጣበትን ዓመት ማየት ይገባል። በ1902 የቺካጎው የሥጋ ኢንዱስትሪ ባለጸጋ ጄ. ኦግደን አርመር ሎሊታ የተባለችውን የስድስት ዓመት ገደማ ልጃቸውን እንዲያክሙላቸው ሎሬንዝን ከቪየና አስጠሩ። ልጅቱ ዳሌዋ ወልቆ የተወለደች ነበረች። ሎሬንዝ በጥቅምት ወር ደርሰው መለሱላት፤ ጋዜጦችም የተከፈላቸውን ገንዘብ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር እየገመቱ ጻፉ። ዜናው ሲሰማ ልጆቻቸውን የተሸከሙ ወላጆች ሆቴላቸውንና ሆስፒታሉን አጥለቀለቁት። ሎሬንዝም በየከተማው በሐኪሞች ፊት እያሳዩ ብዙ የድሃ ልጆችን ያለ ክፍያ አከሙ። ይህ ምጽዋት ብቻ አልነበረም። የአሜሪካ ሐኪሞች ዘዴውን የተማሩት በእነዚህ ትርኢቶች ላይ ነው፤ የአጥንት ሕክምና በዚያ አገር ሕዝብ ዘንድ ስም ያገኘውም ከዚያ ወዲህ ነው። በተገኘው ገንዘብ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ በአልተንበርግ ትልቅ ቤት ሠሩ። ባለቤታቸው ኤማ ሌኸር በሥራቸው ረዳታቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ልጃቸው አልበርት በአባታቸው መምህር ስም ተጠርተው የአጥንት ሐኪም ሆኑ፤ በ1903 የተወለዱት ሁለተኛው ልጅ ኮንራድ በእንስሳት ጠባይ ጥናት በ1973 የኖቤል ተሸላሚ ለመሆን በቅተዋል።

አሁን በትርኢቱ ላይ ቆመን እንመልከት። ሐኪሙ ጭኑን ያጥፋል፤ ይከፍታል፤ ድምፁ ይሰማል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ራጁ ይነሣል፤ ራሱ በጎድጓዳው ውስጥ ነው። በዚያች ዕለት መዝገብ የሚይዝ ሰው ውጤቱን ተሳክቷል ብሎ ይጽፋል፤ አልዋሸምም። ነገር ግን በሕፃን የጭን አጥንት ራስ ደም የሚያገኘው በጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ነው። ጭኑ በኃይል እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲታሰር እነዚያ ሥሮች ይጨመቃሉ፤ ራሱም በጠርዙ ላይ ይጫናል። ደም ያጣ ራስ ይሞታል፤ ሲያገግም ተጨፍልቆ ወይም ተጣሞ ያድጋል። ለውጡ በራጅ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ከወራት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የእድገት ንጣፉ በአንድ ወገን ብቻ የተጎዳ እንደሆነ ግን ልጁ አሥር ዓመት እስኪጠጋ፣ አንዳንዴም እስኪያልፍ ድረስ አይታወቅም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት የዳነ ተብሎ የተቆጠረ ዳሌ በአሥራ አምስተኛው ዓመት ሌላ ዳሌ ሊሆን ይችላል። በሎሬንዝ አኳኋን የታከሙ ሕፃናትን ከብዙ ዓመታት በኋላ ያዩ ሐኪሞች ያገኙት ይህንኑ ነው፤ አጥንቱ ቦታውን ይዟል፤ ራሱ ግን ተበላሽቷል። ጉዳቱ የበሽታው ሳይሆን የሕክምናው መሆኑን ሕክምናው የተቀበለው ቀስ ብሎ ነው። ካናዳዊው ሮበርት ሳልተር በ1960ዎቹ መጨረሻ ነገሩን በግልጽ አስቀምጠው፣ ከእንቁራሪቱ አቀማመጥ ይልቅ ጭን በደንብ ታጥፎ በመጠኑ ብቻ የሚከፈትበትን አቀማመጥ መከሩ።

ሎሬንዝ በዚህ ተወቃሽ ናቸውን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ከፊል ነው። ስለ አጥንቱ ራስ የደም ሥሮች የኋለኛው ትውልድ ያወቀውን እርሳቸው ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት ለነዚህ ልጆች የነበረው ምርጫም ዕድሜ ልክ ማነከስ ወይም አደገኛ ቀዶ ነበር። ይሁን እንጂ ዝናው በትርኢት ላይ ስለተመሠረተ ከትርኢቱ በኋላ ያለውን ጊዜ የሚመለከት ዓይን አነሰ። እርሳቸው ራሳቸው ዘዴያቸው የማይደርስበትን ስፍራ አውቀው በ1919 ጊዜው ላለፈበት ውልቃት የጭን አጥንትን ቆርጦ የማቀናት ቀዶ ማሳተማቸው ለዘዴያቸው ባርያ እንዳልነበሩ ያሳያል።

አንደኛው የዓለም ጦርነትና ከእርሱ በኋላ የመጣው የገንዘብ መውደቅ የሎሬንዝን ሀብት አጠፋው። በ1921፣ ስልሳ ሰባት ዓመት ሆኗቸው፣ እንደገና ወደ ኒው ዮርክ ተሻገሩ። ሕዝቡ እንደ ቀድሞው ጎረፈ፤ ከሐኪሞቹ ግን ብዙዎቹ ፊት ነሷቸው። የጦርነቱ ቂም ነበረ፤ የገበያ ፉክክር ነበረ፤ በጋዜጣ የሚነገር ተአምርም የተማረ ሐኪምን ያስኮርፋል። ለኖቤል ሽልማት ቢታጩም አላገኙትም። የመጨረሻ ዓመታታቸውን በአልተንበርግ አሳልፈው፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1946 በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ሕክምናው ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የፌራራው የሕፃናት ሐኪም ማሪኖ ኦርቶላኒ በ1930ዎቹ አንዲት እናት ልጇን ስታጥብና ሽንት ጨርቅ ስትለውጥ የምትሰማውን ድምፅ ሰምተው የጨቅላን ዳሌ በእጅ መርምሮ ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ ምክንያት ልጁ እስኪያነክስ መጠበቅ ቀረ። ቀጥሎ የመጡት ቼኩ አርኖልድ ፓቭሊክ ናቸው። ፓቭሊክ የተወለዱት ሎሬንዝ ቺካጎ በገቡበት በ1902 ነው። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ከመገደድና ከመታሰር መሆኑን ተገንዝበው በ1940ዎቹ ከጄሶ ይልቅ በትከሻና በእግር ላይ የሚያልፍ የቆዳ ጠፍር አበጁ። ጠፍሩ ጭንን አጥፎ ይይዛል፤ መዘርጋትን ብቻ ይከለክላል። ሕፃኑ እየተራገጠ ራሱ ቀስ ብሎ ይከፍተዋል፤ ዳሌውም በራሱ እንቅስቃሴ ይመለሳል። የጠፍር ሠሪው ልጅ በኃይል የሠሩትን በጠፍር የሠራ ሌላ ሰው ሆነ። ዛሬ ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው የፓቭሊክ ማሰሪያ ነው።

ይህ አቀማመጥ ደግሞ በጨንቻ ዳገት ላይ ያየነው ነው። ልጅ በጀርባ በሚታዘልባቸው የአፍሪካ አገሮች በሽታው ጥቂት ሆኖ ይገኛል። በማላዊ የሠሩ የአጥንት ሐኪሞችም በ2015 ማዘል እንደ መከላከያ ሊታይ ይገባል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። የዘር ምክንያትም ስላለ ነገሩን ሁሉ ለአንቀልባ መስጠት አይገባም። ሆኖም ጃፓን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጨቅላን እግሩን ዘርግቶ መጠቅለልን የሚያስቀር ዘመቻ ስታካሂድ በሽታው በእጅጉ መቀነሱ ሐሳቡን ያጠናክረዋል። በአገራችንም ማዘል ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት ሕፃኑን እግሩን ዘርግቶ አጥብቆ መጠቅለል ስላለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለአራስ እናት ልትናገረው የምትችለው ቀላል ነገር አለ፤ ደረቱ ይጠቅለል፣ እግሩ ግን ይለቀቅ።

በሽታው ጥቂት መሆኑ የራሱ አደጋ አለው። ጥቂት ስለሆነ አይፈለግም፤ ስላልተፈለገም ልጁ ወደ ሆስፒታል የሚመጣው እያነከሰ ነው። ያን ጊዜ የፓቭሊክ ማሰሪያ ዕድሜ አልፏል። የሚቀረው በማደንዘዣ መመለስና ጄሶ፣ አለዚያም ቀዶ ነው። ስለዚህ ሎሬንዝ ለእኛ የሙዚየም ሰው አይደሉም፤ የዳሌው መጠነኛ አከፋፈት ቢለወጥም በመሠረቱ የእርሳቸው ሕክምና ዘግይቶ ለሚመጣ ልጅ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ጄሶው የተፈታለት የደጋ ልጅ ከቤቱ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን መንገድ ሳያነክስ መሄድ ሲጀምር ቤተሰቡ ለራጅ ብቻ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት አይታየውም። የመጓጓዣ ገንዘብ አለ፤ የሸማው ሥራና የእርሻው ወቅት አለ። በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጥናት የሚያዘጋጅ ሰውም በሁለት ዓመት ጨርሶ ማስረከብ ስላለበት ቀርቦ የሚገኘውን ውጤት፣ ማለትም ጄሶው በተፈታበት ቀን የነበረውን፣ ለመውሰድ ይፈተናል። የልጁ ካርድ ላይ የመጨረሻው ራጅ የተነሣበት ዕድሜ ካልተጻፈ ያ ውጤት ከቺካጎው አዳራሽ ጭብጨባ ብዙም አይለይም። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቀበሌና ስልክ ተጽፎ፣ ልጁ በአምስተኛውና በአሥረኛው ዓመቱ ሊጠራ የሚችልበት መዝገብ ቢኖር ግን ሎሬንዝ በእጃቸው ያልነበረውን ነገር አንድ የዞን ሆስፒታል ይኖረዋል።